ፖይንሴቲያ ቆርጦ ትልቅ የአበባ ጌጥ ማቆም፦ እንዳይጠወልግባችሁ ከአጥሩ ሥር ጀምሩ

የጥር ሠርግ በቀረበ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «ቀዩን አበባ ቆርጠን ባልዲ ሙሉ ውሃ ውስጥ ነከርነው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው አንገቱን ደፋ። ምን አጠፋን?» ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም፣ ከደሴም ጠያቂው ብዙ ነው። ጥፋቱ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ እንደ ጽጌረዳ ቆረጣችሁት።

ፖይንሴቲያ (እኔ እዚህ የገና አበባ እላታለሁ፣ ለአፍ ይቀላል) የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ናት። የትም ብትቆርጧት ነጭ ወተት ታፈሳለች። ወተቱ አየር ሲያገኝ ይረጋና ጫፉን እንደ ማስቲካ ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ በርሜል ሙሉ ውሃ ውስጥ ብታቆሟት መጠጣት አትችልም። አዳራሽ ውስጥ የሞተች ይመስለናል እንጂ የሞተችውስ አጥሩ ሥር ነው፣ በተቆረጠች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ።

እኔም የተማርኩት በኪሳራ ነው። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ 60 ዘንግ ኮምቦልቻ አስቆርጬ፣ በጆንያ ጠቅልዬ አይሱዙ ላይ ጭኜ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ደሴ ደርሼ ጆንያውን ስፈታው ተጨምቆ የተሰጣ ጨርቅ ይመስላል። አክስቴ አየት አደረገችውና «አብሽሪ ልጄ፣ ቀጤማው አለልን» አለችኝ። ሠርጉን በቀጤማ ተወጣነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሠርጉ እሁድ ከሆነ ሥራው ሐሙስ ማታ ይጀመራል። ሐሙስ ማታ ቁጥቋጦውን ውሃ አጠጡ፣ ዓርብ ሲነጋ ቁረጡ፣ ዓርብ ሙሉ ቀንና ሌሊቱን አሳርፉ፣ ቅዳሜ ስኳቸው። ቅዳሜ ቆርጬ ቅዳሜ አቆማለሁ ካላችሁ እኔን አትጥሩኝ።

እነዚህን አሰባስቡ፦

- በደንብ የተሳለ የአትክልት መቀስ፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል። አንዱ በወተት ሲያጣብቅ ሌላውን ታነሳላችሁ።
- ከሰል ምድጃ ወይም ቡታጋዝና አፈ ሰፊ ድስት። ድስቱን ለወጥ እንዳትመልሱት፣ አሮጌ ፈልጉ።
- ቢያንስ ሦስት ጥልቅ ባልዲ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላባቸው።
- ጓንት፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ጧፍ ወይም ላይተር።
- አፉ ተቆርጦ የሰፋ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ ለእያንዳንዱ ጌጥ አንድ።
- ለዶሮ ቤት የሚሆነው የአጥር ሽቦ፣ ለአንድ ጌጥ 1 ሜትር በ1 ሜትር።
- ጠጠርና ድንጋይ፣ ሲባጎ፣ ጥቂት ቀጫጭን ዱላ፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ።
- በረኪና።

ስለ ወተቱ አንድ ነገር ልበል። ሰው «መርዝ ነው፣ ይገድላል» ይላል። ይህ የተጋነነ ነው፣ የገና አበባ ያን ያህል አደገኛ አይደለችም። ግን ቆዳ ታሳክካለች፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ልጅ ቢያኝካት ሆዱን ልታምመው ትችላለች። የጎማ ጓንት የሚያሳክካችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ስጡ፣ የሷ ወተትም ሊያስቆጣባችሁ ይችላል። ዓይን ከነካ በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡ፣ መቅላቱ ካልተወ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሳችሁ ወደ ቁጥቋጦው አትጠጉ። ወተቱ ደርቆ ጎማ ይሆናል፣ ከጥጥ ላይ አይለቅም።

ደረጃ 1፦ ስንት ዘንግ እንደሚበቃ ቁጠሩ

በዓይን አትገምቱ። ጥሩ አድጎ የወጣ አንድ ራስ ከዳር እስከ ዳር 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ የሚያክል ቦታ ለመሙላት ስድስት ራስ ያስፈልጋል። ጌጡ የሚቆምበት ግድግዳ ላይ ቁመቱንና ወርዱን በጠመኔ ምልክት አድርጉና ስንት ምጣድ እንደሚይዝ ቁጠሩ።

የሰው ደረት የሚደርስ፣ ከፊትና ከሁለት ጎን ብቻ የሚታይ ጌጥ 35 ራስ ገደማ ይበላል። በላዩ ላይ 10 ጨምሩ። አሥሩ ትርፍ አይደለም፣ መንገድ ላይ የሚሰበረው ነው። ዙሪያውን የሚታይ ከሆነ እጥፍ አድርጉት።

ርዝመቱንም አሁኑኑ ወስኑ፦ አናት ላይ ለሚቆሙት 90 ሳንቲ ሜትር፣ ለመሐሎቹ 70፣ ለታችኞቹ 45። ይህን የምለው ለጥንቃቄ ብዬ ብቻ አይደለም። ቀቅላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ማሳጠር ማለት እንደገና ወተት ማፍሰስ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ የሚቆረጠውን ምረጡ

ቀዩ ነገር አበባ አይደለም፣ ቀለሙን የለወጠ ቅጠል ነው። እውነተኛዎቹ አበቦች መሐል ላይ የተሰበሰቡት ትናንሽ ቢጫ እንክብሎች ናቸው። ጠጋ ብላችሁ እነሱን እዩ። ገና እንደተዘጉ ወይም አንድ ሁለቱ ብቻ እንደተከፈቱ ከሆነ፣ ቁረጡ። ቢጫ ዱቄት እየረገፈ ከሆነ ወይም እንክብሎቹ ወድቀው መሐሉ ባዶ ከሆነ፣ ተዉት። ቀዩ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን በሁለት በሦስት ቀን ይረግፋል።

ዘንጉንም በጣት ያዝ አድርጉት። ለምለም አረንጓዴ ሆኖ እንደ ጎመን ግንድ የሚጎብጥ ከሆነ ገና ነው። ታችኛው ክፍል ጠንከር ብሎ ወደ እንጨትነት የጀመረውን ፈልጉ።

ቁጥቋጦው ከመንገድ መብራት ሥር ከሆነ ላይቀላላችሁ ይችላል። የገና አበባ ቀይ የምትሆነው ሌሊቱ ሲረዝምና ጨለማው ሳይቋረጥ ሲቆይ ነው፣ መብራት ያለበት ጎን በታኅሣሥም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሰው በማዳበሪያ ሊያቀላት ሁለት ወር ሲደክም አይቻለሁ፣ አምፖሉ እላዩ ላይ ተንጠልጥሎ።

የሰው አጥር ከሆነ ደግሞ ባለቤቷን አስፈቅዱ። «እማማ፣ ለሠርግ ነው፣ ትንሽ ብንቆርጥ ይፈቅዱልናል?» ማለት ይበቃል። ወሎ ውስጥ «እንቢ» የሚል ብዙም አይገጥማችሁም። ከቡና በፊት ስለማይለቋችሁ ግን ቶሎ ሂዱ። ከአንድ ቁጥቋጦ ከሲሶው በላይ አትውሰዱ፣ የምትቆርጡትም ከቅጠል መውጫ ዓይን ከፍ ብላችሁ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ቁረጡ፣ ወዲያው ቀቅሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ለሁለት ሁኑ፣ አንዱ ይቁረጥ፣ ሌላው ምድጃው ላይ ይቁም። ምድጃውን ከቁጥቋጦው አምስት እርምጃ ርቀት ላይ አኑሩት። «ቤት ወስጄ አፈላለሁ» አይሠራም።

1. ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ። 3 ሰዓት ካለፈ ለነገ ተዉት።

2. መጀመሪያ ውሃው ይንተክተክ። ከዚያ በፊት መቀስ አታንሱ።

3. አንድ ዘንግ ቁረጡ። አንድ ብቻ። ክምር ቆርጦ መሬት ላይ ማስተኛት የለም።

4. በታችኛው ግማሽ ያሉትን ቅጠሎች በመቀስ አንሱ። በእጅ ከጎተታችሁ ልጡ አብሮ ይላጣል፣ ያኔ ወተቱ በረጅሙ ይወርዳል። ቅጠሉ የወጣበትን ቦታ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርጉት፣ ብዙም ሳይቆይ ይቆማል።

5. ራሱን በጋዜጣ ጠቅልሉ። እንፋሎት ቀዩን ቅጠል በአንዴ ይቀቅለዋል፣ ጠርዙ ይጠቁራል።

6. ዘንጉን አዘንብላችሁ፣ ራሱ ከድስቱ ውጭ ሆኖ፣ ጫፉን ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት። እስከ 30 ቁጠሩ። 20 ይበቃል የሚሉ አሉ፣ እኛ ግን ከፍታ ላይ ነን። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ 100 አይደርስም። ስለዚህ አሥር ጨምሩበት። ሲነከር ጫፉ አረፋ ያወጣል፣ አትደንግጡ።

7. አውጥታችሁ ሳትዘገዩ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ እስከ ግማሹ አቁሙት።

የፈላው ውሃ ምን ይሠራል ካላችሁ፦ ሙቀቱ ወተቱን እዚያው ቧንቧው ውስጥ እንዳለ ያረጋዋል። ውሃ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ ሌላ ስለሆነ ክፍት ይቀራል።

ምድጃ ይዞ መሄድ ካልተቻለ በጧፍ ወይም በላይተር አድርጉት። ጫፉን ነበልባሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ እያዞራችሁ ያዙ፣ መንጠባጠቡን ሲያቆም ባልዲ ውስጥ። ለአሥር ዘንግ ይሆናል። ለ45 ግን ጣታችሁም ያልቃል፣ ጧፉም ያልቃል።

በየአሥር ዘንጉ መቀሱን ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጉት። እጃችሁም ከተጣበቀ መጀመሪያ ትንሽ የኑግ ዘይት፣ ከዚያ ሳሙና። ሳሙና ብቻውን ወተቱን አያነሳውም።

የድስቱ ውሃ ሲነጣ ለውጡት።

ደረጃ 4፦ አሳርፉ

ባልዲዎቹን ጨለምለም ያለ፣ ንፋስ የማይገባበት ቤት አስገቡ። ውሃው እስከ ዘንጉ ግማሽ ይድረስ፣ ቀዩ ቅጠል ግን ውሃ አይንካው። በ10 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሩ፣ ውሃው እንዳይሸት ነው። ኢንተርኔት ላይ «ሎሚም ጨምሩ» የሚል አለ። በረኪናና ሎሚ አንድ ላይ አታድርጉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አስፕሪን፣ ሳንቲም የሚባለውንም እርሱት።

ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ሳይነኩ ይቆዩ። ሌሊቱን ሙሉ ቢሆን ይመረጣል። ሦስት ክልክል ነገር አለ።

ፍሪጅ አይሆንም። የገና አበባ የሞቃት አገር ልጅ ናት፣ ከ10 ዲግሪ በታች ስትቆይ ትታመማለች፣ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይደበዝዛል። በታኅሣሥና በጥር የደሴ በረንዳም ሌሊት ላይ ከፍሪጅ አይሻልም፣ ቤት ውስጥ አሳድሯት።

ሙዝ ያለበት ክፍል አይሆንም። የሠርግ ቤት ጓዳ የታወቀ ነው፣ የሙዝ ዘለላ ተደርድሮ የአበባ ባልዲ አጠገቡ። የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ቅጠሏን ያረግፈዋል። የጄኔሬተር ጭስም እንደዚያው።

ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥርም አይሆንም።

ጠዋት ሂዱና እዩ። ቀጥ ብሎ ያደረው ያልፋል። ያዘነበለውን አውጡት፣ ለብቻው እንመለስበታለን። እሱን «ኋላ ይቃናል» ብላችሁ ብትሰኩት አያያዙ ሁሉ ይበላሽባችኋል።

ደረጃ 5፦ መንገድ

ከኮምቦልቻ ደሴ የምታመጡ ከሆነ በባልዲው እንዳለ ጫኑ፣ ውሃውን አንድ ሲሶ አስቀሩ። በጆንያ የጠቀለልኩትን ነግሬያችኋለሁ። እያንዳንዱን ራስ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስባችሁ በጋዜጣ እንደ ቆሎ መጠቅለያ ክበቡት፣ በሲባጎ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ክፍት መኪና ከሆነ በሸራ ሸፍኑ። ሐረጎ ላይ ንፋሱ ቅዝቃዜው አይጣል ነው፣ መታጠፊያውም ባልዲ ይገለብጣል። ባልዲዎቹን እርስ በርስ አስሯቸው። ባጃጅ ለአምስት ዘንግ ካልሆነ አትሞክሩ።

ደረጃ 6፦ መሠረቱን ቦታው ላይ ሥሩ

ጌጡ ከሚቆምበት ቦታ ውጭ ሠርታችሁ ለመሸከም አታስቡ። ጄሪካኑ ውስጥ ድንጋይና ጠጠር እስከ ሲሶው ሙሉ፣ መጀመሪያ ትልልቁን፣ ከዚያ ደቃቁን። ሽቦውን እንደ ኳስ ላላ አድርጋችሁ ጨብጡና ጄሪካኑ ውስጥ ክተቱት፣ ከአፉ በላይ አንድ ክንድ ያህል ጉብ ይበል። በሲባጎ ከጄሪካኑ ጋር በአራት በኩል እሰሩት። አሁን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ከተንገዳገደ ድንጋይ ጨምሩ። ሕፃናት በሠርግ ላይ እንዴት እንደሚሯሯጡ ታውቃላችሁ።

ውሃውን የምትሞሉት ከዚህ በኋላ ነው።

ዘንጎቹ አጭር ሆነው ከፍታ ካልደረሱላችሁ የሃይላንድ ጠርሙሱን ወገቡ ላይ ቁረጡ፣ ታችኛውን ክፍል በፕላስተር ዱላ ጫፍ ላይ እሰሩ፣ ዱላውን ሽቦው ውስጥ ስኩ። ውሃ የያዘ ከፍ ያለ ኩባያ ሆነ ማለት ነው፣ ሁለት ሦስት ዘንግ ይይዛል። ፕላስቲኩን ቅጠል ይሸፍነዋል። ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ማታም ጠዋትም ሙሉት።

ደረጃ 7፦ መጀመሪያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ቀዩ

የገና አበባ የራሷ አረንጓዴ ቅጠል ከተቆረጠች በኋላ አይታመንም፣ ይረግፋል። ስለዚህ ቅርጹን በሌላ ቅጠል ሥሩ። የአጥር ጽድና የባሕር ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ እዚህ ሞልቷል፣ ለሳምንት አይከዳችሁም። ሽቦው እስኪጠፋ ድረስ ሙሉት፣ ከርቀት ሲታይ የተጠናቀቀ ጌጥ መምሰል አለበት። ቀዩ የሚመጣው በዚያ ላይ ነው።

1. በዱላ ቀዳዳ አብጁ። ዘንጉን ራሱን እንደ መርፌ አትውጉበት፣ ልጡ ይላጥና ወተት ይጀምራል።

2. አናቱ ላይ የሚቆመውን፣ ትልቁንና ቀጥተኛውን፣ በመጀመሪያ ስኩ።

3. ከዚያ ግራና ቀኝ ዳሩን፣ ከዚያ ከፊት ዝቅ ብሎ የሚወጣውን። በእነዚህ አራት ነጥቦች ልኩ ይታወቃል። ከሱ የሚያልፍ ዘንግ አይኑር።

4. ረጃጅሙን ጨርሳችሁ ወደ መካከለኛው፣ በመጨረሻ ወደ አጫጭሩ ውረዱ። በራስና በራስ መሐል አንድ ጭብጥ ክፍት ተዉ። ቀዩ ቅጠል ተሰባሪ ነው፣ እርስ በርስ ከተጫነ ይቀነጠሳል፣ ወተቱም ጎረቤቱ ላይ ይንጠባጠባል።

5. ራሶቹ ሁሉ ወደ ጣሪያ አይዩ። ታችኞቹ ወደ ሰው ይዩ፣ መሐሎቹ በትንሹ ያዘንብሉ። እኔ አሥር አሥር ስሰካ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ እሄድና ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አያለሁ። ጥቁር ጉድጓድ የሚመስለኝ ቦታ ላይ ቀጣዩን እሰካለሁ።

6. እያንዳንዱ ጫፍ ውሃ መንካቱን እጃችሁን አስገብታችሁ አረጋግጡ። ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ያልደረሰው ዘንግ ሁሌም አንድ አይጠፋም።

ዳስ ውስጥ ከሆነ ሸራው ሥር ቀትር ላይ ይፋጃል፣ ከዳር ራቁና ወደ መሐል አስገቡት። የሚያግል አምፖል አታስጠጉበት። ውሃውን በየቀኑ ሙሉት። በትክክል ከቀቀላችሁት ሳምንት ይቆያል፣ ለመልስም ይደርሳል።

ሲበላሽ

*አንገቱን ከደፋ።* ከታች 2 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ እንደገና 30 ቁጠሩበት፣ ከዚያ ራሱን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ አቁሙት። ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ከተነሳ ተነሳ። ካልተነሳ ጣሉት፣ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

*ዘንጉ ረዝሞ ካስቸገረ።* አዳራሹ ውስጥ በመቀስ ቀንጠብ ማድረግ ያምራችኋል። አታድርጉት። ወይ ወደ ኋላ ስኩት፣ ወይ ቆርጣችሁ በጧፍ ለብልቡት። ለዚህ ብዬ ነው ጧፍ ያስያዝኳችሁ።

*የቀዩ ጠርዝ ከጠቆረ።* እንፋሎት ነክቶታል ወይም ብርድ መቶታል። አይመለስም፣ ያንን ቅጠል ብቻ በመቀስ አንሱና ቁስሉን በእርጥብ ጨርቅ ያዙት።

*አረንጓዴ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ከረገፈ።* ሁሉንም አንሱት። ባዶ ዘንግ ላይ የቆመ ቀይ ራስ ጽድ መሐል ሲሆን ማንም አያውቅባችሁም።

*ውሃው ከሸተተ።* ጄሪካኑን አትገልብጡ። በጎማ ቱቦ ቅዱና አዲስ ሙሉ። በአፋችሁ ግን አትሳቡት፣ ቱቦውን ውሃ ሞልታችሁ ጫፉን ወደ ታች ልቀቁት።

*ጌጡ ካዘመመ።* አበባ አትጨምሩበት፣ ድንጋይ ጨምሩበት።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ

ዘንጎቹን አትጣሉ። ቀዩን ራስና የተቀቀለውን ጫፍ ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ ከመሐል እንጨት የመሰለውን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀሩ። ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ላይ አሳድሩትና ላይ ታቹን ሳታምታቱ ግማሹን እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ትከሉ። ከአሥር አራት አምስቱ ቢይዝላችሁ ጥሩ ነው። ክረምት ሲገባ ሁለቱን ለእማማ አጥር ውሰዱላቸው፣ የቆረጣችሁበት ጎን ላይ ይተከልላቸው።